ስፕሬይ ሲላንት መስመር ሳይተው መኪና ላይ እንዴት ይቀባል?

መኪናውን በደንብ አጥባችሁ፣ ስፕሬይ ሲላንቱን (የመኪናውን ቀለም የሚጠብቀውንና የሚያበራውን የሚረጭ ፈሳሽ) ረጭታችሁ፣ ጠርጋችሁ ጨረሳችሁ እንበል። ቀን ላይ ያበራል። ማታ የመንገድ መብራት ሲያርፍበት ግን ኮፈኑ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። መኪናው ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ከሆነማ ያናድዳል። ብዙ ሰው ወዲያው "ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ" ይላል። ፎርጅድ ዕቃ ገበያ ላይ መኖሩ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን መስመሩን የሚያመጣው አሠራሩ ነው። ከሚገባው በላይ መርጨት፣ የሞቀ ብረት ላይ መሥራትና በአንድ የረጠበ ፎጣ መጨረስ ዋናዎቹ ጥፋቶች ናቸው። እነዚህን ካስተካከላችሁ መካከለኛ ዋጋ ያለው ሲላንትም ጥርት ብሎ ይወጣል።

የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው ወይም በኮንዶሚኒየም ፓርኪንግ በባልዲ ውሃ ለሚሠራ ሰው ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም የአየሩን ልዩነት እያሰባችሁ ተከተሉት።

መስመሩ ከየት ይመጣል?

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ተሸካሚው ነው፤ ውሃ ወይም ሟሟ ፈሳሽ። ሌላው ተሸካሚው ይዞት የሚመጣው መከላከያ ነው፤ ፖሊመር፣ ሲሊኮን ወይም ሲሊካ። ስትረጩት ተሸካሚው ይተናል፤ መከላከያው ቀለሙ ላይ ይቀራል። ቀለሙ ላይ የሚይዘው በዓይን የማይታይ ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። የተረፈው በፎጣ ካልተነሳ እዚያው ይደርቃል። መስመር ሆኖ የሚታየው ይህ ትርፍ ነው።

ምጣድ ሲታሰስ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቅባቱ እስኪጠፋ ድረስ ይጠረጋል እንጂ ምጣዱ ላይ አይተኛም። እንጀራው እንዳይያዝ የሚያደርገው ግን ያ የማይታየው ቅባት ነው።

ስህተቱ በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይመጣል። ተሸካሚው ቶሎ ከተነነ ፎጣችሁ ሳይደርስ ትርፉ ደርቆ ይጠብቃችኋል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ፎጣው ፈሳሹን ከማንሳት ይልቅ ከቦታ ቦታ ያንሸራትተዋል። የመጀመሪያው ጠርዙ የታወቀ ነጭ መስመር ይተዋል። ሁለተኛው እንደ ቅባት የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ጭጋግ ይተዋል። የትኛው እንደገጠማችሁ ካወቃችሁ መፍትሔውንም ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ፀሐዩም ጠንካራ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ "1 ደቂቃ ጠብቀው ይጥረጉ" የሚል ቢጻፍም እዚህ ደቂቃው ሳይሞላ ሊደርቅ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፈሳሹ አልደርቅ ይላል። መለያው ላይ ያለውን ሰዓት እንደ መነሻ ያዙት፤ ውሳኔውን ግን ዓይናችሁ ይስጥ።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኔ ግን የሥራው ግማሽ ይህ ነው።

ብረቱ ሲነካ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካላችሁ ተዉት፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ጠብቁ። ጥቁር ኮፈን በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። እዚያ ላይ የተረጨ ሲላንት በሴኮንዶች ይደርቃል። ከመንገድ የመጣ መኪናም ኮፈኑ በሞተሩ ሙቀት የጋለ ነው፤ ጥላ ውስጥ ስላቆማችሁት ብቻ አይበርድም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት።

በጣም መቀዝቀዙም ችግር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት መኪናው ላይ ጤዛ ይተኛል። ጤዛውን በፎጣ ብታነሱትም ብረቱ እስኪሞቅ ድረስ ተመልሶ ያልበዋል። በእነዚህ ወራት ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ውስጥ መጀመር ይሻላል። ከ10 ሰዓት በኋላ ከሰዓትም ጥሩ ነው፤ ግን የቀኑ ብርሃን ሳይከዳችሁ መጨረስ እንደምትችሉ እርግጠኛ ሁኑ። ብረቱ ከ10 እስከ 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ለአብዛኞቹ ሲላንቶች ይስማማል።

ነፋስ ያለበትን ቀን ተዉት። አቧራው ፎጣና ቀለም መካከል ይገባና ይቧጭራል። አጠገባችሁ ግንባታ ካለ የሲሚንቶ ብናኝ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከመሥራት የዘመድ ግቢ መለመን ይሻላል።

የሚያስፈልጋችሁ

ከሲላንቱ ይልቅ ለፎጣው ተጨነቁ። ቢያንስ 5 ማይክሮፋይበር ፎጣ ያስፈልጋል። በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝን፣ ጸጉሩ አጭር የሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ጸጉሩ ረጅምና ወፍራም የሆነው ውሃ ለማድረቅ ጎበዝ ነው፤ ሲላንት ለመዘርጋት ግን ብዙ ይጠጣል። ጠርዙ ላይ በጠንካራ ክር የተሰፋ ከሆነ ይቧጭራል። መለያ ጨርቁን ቁረጡት። አዲስ ፎጣ ሳይታጠብ አትጠቀሙ፤ ብናኝ ይተዋል። ያረጀ ካናቴራ ለዚህ አይሆንም። ጥጥ ትርፉን በደንብ አያነሳም፤ ይገፋዋል እንጂ።

ሌላው የባትሪ ውሃ ነው። ነዳጅ ማደያና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። የተጣራ ውሃ ስለሆነ ማዕድን አይተውም፤ መስመር ለማስተካከል ይጠቅማል። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የምፈልገው ውሃውን ነው፤ ለባትሪ የሚሞላው አሲድ ቀለሙንም እጃችሁንም ያቃጥላል። መለያውን አንብቡ፣ ሻጩን ጠይቁ።

ከፋርማሲ 70 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ግዙ። 100 ሚሊ ሊትሩን ከ250 ሚሊ ሊትር የባትሪ ውሃ ጋር ቀላቅሉት፤ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም። ብዙዎቹ ግሊሰሪን አላቸው፤ ግሊሰሪን ራሱ መስመር ይተዋል። አልኮል ይቀጣጠላል፤ ከከሰልና ከሲጋራ አርቁት። ጓንት አድርጉ፤ አየር በሚገባበት ቦታ ሥሩ። የስልክ ባትሪም ሙሉ ይሁን፤ መብራቱ ያስፈልገናል።

አንደኛ፦ ማጠብና ማድረቅ

ደረቅ አቧራ በጨርቅ አታራግፉ። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አውርዱት። ከዚያ በመኪና ሻምፖና በሁለት ባልዲ እጠቡ፤ አንዱ ለሻምፖው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የቀረ ቅንጣቱ ይቧጭራል። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ ቸርኬው የራሱ ጨርቅ ይኑረው።

ላቫጆ አሳጥባችሁ የምትመጡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከስር ናፍጣ የሚረጩ ላቫጆዎች አሉ። ናፍጣው በበሮቹ የታችኛው ክፍልና በባምፐሩ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል። እዚያ ላይ ሲላንት ስትረጩ አይይዝም፤ መስመር ብቻ ይሆናል። ናፍጣ እንዳይረጭ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከታጠበ በኋላ እጃችሁን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ ቀለሙን ዳብሱት። ከሻከረ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ። መኪና ማጽጃ ክሌይ (እንደ ሊጥ ለስላሳ የሆነ፣ ቆሻሻ የሚለቅም ጭቃ መሰል ነገር) በሻምፖ ውሃ እያራሳችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ አሸዋ ይዞ ይነሳል።

ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ። ከስፖኪዮ፣ ከበር እጀታ፣ ከታርጋ ስርና ከጎማ ማሸጊያዎች ውሃ ተደብቆ ይቆያል። ሲላንቱን ቀብታችሁ ልትጨርሱ ስትሉ ያ ውሃ ይወርድና ረጅም መስመር ያሰምርላችኋል። በሮቹን ክፈቱ፣ ጠርዞቹን ጥረጉ፣ ስፖኪዮውን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉ። ውሃው ራሱ በብረቱ ላይ ደርቆ እንዲቀርም አትፍቀዱ። የጉድጓድ ውሃ፣ ለምሳሌ ከአቃቂ የሚመጣው፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ የበለጠ ማዕድን ይይዛል። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ውሃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ከማንቆርቆሪያችሁ ታውቁታላችሁ። የደረቀ ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ሲላንት ከላዩ ሲቀባ ነጠብጣቡ እዚያው ይታሸጋል።

ሁለተኛ፦ የድሮ ቅባት ማንሳት

መኪናው ላይ ከዚህ በፊት ሰም፣ ፖሊሽ ወይም ሌላ ሲላንት ከነበረ የቀላቀላችሁትን አልኮል በፎጣ ላይ ረጭታችሁ ጥረጉት። ምክንያቱ የማይገባ የሚመስል ብዙ መስመር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይዋሃድም። በየክፍሉ ጠርጋችሁ ወዲያው በደረቅ ፎጣ አድርቁ። ፎጣው ላይ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊር ኮት (ከቀለሙ በላይ የሚቀባ ግልጽ ሽፋን) የሌለው የድሮ ቀለም ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ በርትታችሁ አትሹት።

ሦስተኛ፦ መቀባት

መጀመሪያ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት። ውስጡ የተከፋፈለ ፈሳሽ አንዴ ውሃ አንዴ ወፍራም መከላከያ ይረጫል፤ መስመሩ ገና ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ብዙ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ታችኛ ጥግ፣ ሞክሩት። ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርቅ የምታውቁት እዚህ ነው።

አንዱን ፎጣ ለአራት እጠፉት። እንዲህ ሲታጠፍ 8 ንጹሕ ገጽ ይሰጣችኋል። ፎጣው ላይ 2 ጊዜ ርጩ። ፎጣው ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያውን ርጭት ጠጥቶት ብረቱ ላይ አንዱ ቦታ ብዙ፣ አንዱ ቦታ ባዶ ይሆናል። ይህን የምታደርጉት መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው።

ከጣሪያው ጀምሩ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ በዓይናችሁ ከልሉ። ለዚህ ቦታ 1 ርጭት፣ ቢበዛ 2 ይበቃል። "ትንሽ ልጨምርበት፣ የበለጠ ይጠብቃል" የሚለውን ሐሳብ ተዉት። የተጨመረው አይጠብቅም፤ በፎጣ ይነሳል ወይም መስመር ይሆናል። የትሪገር ጠርሙስ አንዱ ርጭት ወደ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና በአጠቃላይ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ቢወስድ ነው። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ በአንድ ቀን ግማሹ ካለቀባችሁ ብዙ ረጭታችኋል። ነፋስ ካለ ወይም ጠባብ ቦታ ከሆነ፣ ብረቱ ላይ ሳይሆን ፎጣው ላይ ርጩ።

አሁን ወዲያው ዘርጉት። እጃችሁን ሳትጫኑ በቀጥታ መስመር ሂዱ፤ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። እያንዳንዱ ሂደት ያለፈውን ግማሹን ይሸፍን። ዙሪያውን እየዞሩ ማሸት ልማድ ሆኖብናል፤ ግን የቀረው ቦታ የት እንዳለ አይታወቅበትም። ዘርግታችሁ ስትጨርሱ ብረቱ ላይ የሚታየው ስስ እርጥበት እኩል መሆን አለበት። ጠብታ ካያችሁ በዝቷል።

ሁለተኛው ፎጣ ደረቅ ይሁን። የተዘረጋው ሳይደርቅ በዚህ ጥረጉት። በበጋ ይህ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በክረምት ትንሽ ቆይታችሁ እርጥበቱ ደብዘዝ ሲል ጀምሩ። የመጀመሪያው ፎጣ ይዘረጋል፤ ሁለተኛው ያነሳል። በአንዱ ሁለቱንም ለመሥራት መሞከር የጭጋጉ ዋና ምክንያት ነው። ፎጣው እርጥብ ሲላችሁ ገጹን አዙሩ። 8ቱም ከረጠቡ ሌላ አንሱ። ለመላው መኪና አንድ የማንሻ ፎጣ አይበቃም።

ወደሚቀጥለው ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የስልኩን መብራት አብሩና ከጎን፣ ከዝቅታ አብሩበት። ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ካበራችሁ ምንም አይታይም። ነጭ መኪና ላይም ይህን አትዝለሉ። ነጭ ቀለም መስመሩን ይደብቃል፤ ቆይቶ አቧራ ሲይዝበት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ጭጋግ ካለ አሁኑኑ በሦስተኛ ንጹሕ ፎጣ ቀለል አድርጋችሁ አንሱት። አሁን 5 ሴኮንድ የሚፈጅ ነገር ነገ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ከጣሪያ ወደ ኮፈን፣ ከዚያ ወደ ፓራፋንጎና በሮች፣ መጨረሻ ላይ ወደ ባምፐርና ወደ በሮቹ ታች ሂዱ። ለታችኛው ክፍል የተጠቀማችሁበትን ፎጣ ወደ ላይ አትመልሱ። ቪትዝን ብቻችሁን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ቢወስድ አይደንቅም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ይዘርጋ፣ ሌላው ከኋላ ያንሳ። በተለይ በሞቃት ከተማ፣ አዳማም ሆነ ዱባይ፣ እንዲህ መሥራት በጣም ይረዳል።

እርጥብ መኪና ላይ የሚረጨው ዓይነት

አንዳንዱ ሲላንት በታጠበና ገና ባልደረቀ መኪና ላይ ተረጭቶ ወዲያው በግፊት በሚወጣ ውሃ የሚታጠብ ነው። ፈጣን ነው። ነገር ግን የውሃ ግፊት ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጆግ እያፈሰሱ ማጠብ ትርፉን አያወርደውም፤ መስመሩ ይቀራል። የግፊት ማሽን ከሌላችሁ ይህን ዓይነት አትግዙ። ማሽኑ ካላችሁ አንድ ክፍል ረጭታችሁ ወዲያው እጠቡ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። መላውን መኪና ረጭቶ ከዚያ ማጠብ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃል።

መስመር ከወጣ ምን ይደረግ?

አይፈረድባችሁም፣ ደግሞም ይስተካከላል። ከቀላሉ ጀምሩ።

ከተቀባ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነው ፎጣውን በባትሪ ውሃ በጣም ትንሽ አርሱት፤ ሲጨመቅ ጠብ የማይል ያህል። መስመሩን ጥረጉትና ወዲያው አድርቁት። ብዙው በዚህ ይለቃል።

ካልለቀቀ ያንኑ ሲላንት ፎጣ ላይ 1 ጊዜ ረጭታችሁ መስመሩ ላይ አሳልፉትና ወዲያው በደረቅ ፎጣ አንሱ። አዲሱ ውስጥ ያለው ሟሟ የደረቀውን ያለሰልሰዋል። በመስመር ላይ ሌላ መርጨት ግራ ቢያጋባም ይሠራል፤ ብቻ በትንሹ ይሁን።

ቀናት አልፈውት ከጠነከረ የአልኮሉን ድብልቅ ተጠቀሙ። ይህ የቀባችሁትን አብሮ ሊያነሳ ስለሚችል ያን ቦታ እንደገና መቀባት ይኖርባችኋል። አልኮሉም ካቃተው በእጅ ስስ ፖሊሽ ያስፈልጋል። እዚህ ከመድረሳችሁ በፊት ግን መስመሩ ከላይ ያለ ነገር መሆኑን አረጋግጡ። በፀሐይ ስታዩት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ የሆነው የድሮ እጥበት ጭረት ነው። ሲላንት አላመጣውም፤ ሲላንት አያጠፋውም።

የማይቀባባቸው ቦታዎች

የፊት መስታወት ላይ አትርጩ። ዋይፐሩ እየዘለለ ይጮሃል፤ ማታ በዝናብም ብርሃን ይበትናል። የፍሬን ዲስክ ላይ ከቶ እንዳይደርስ፤ ቸርኬ ስትቀቡ ሁልጊዜ ፎጣው ላይ ርጩ። ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ነጭ ቅሪት ይይዛል፤ መለያው ካልፈቀደ በቀር ራቁት። አብረቅራቂ ያልሆነ ማት ቀለም ለእሱ ብቻ የተሠራ ዕቃ ይፈልጋል።

ጋራዥ ገብቶ አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ካላችሁ ቶሎ አትቀቡት። ቀለሙ ውስጥ ያለው ሟሟ ወጥቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከ30 እስከ 90 ቀን የሚባለው እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ አደራረቁ ነው፤ ቀለም ቀቢውን ጠይቁት። ክሊር ኮቱ የተላጠ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሲላንት አታባክኑ። የተላጠውን ጠርዝ ነጭ አድርጎ ያጎላዋል እንጂ አያድነውም።

ከተቀባ በኋላ

ብዙዎቹ ሲላንቶች በደንብ ለመያዝ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ውሃ ባይነካው ይመረጣል። በክረምት ጣሪያ ያለው ቦታ ከሌላችሁ ዝናብ የማይጠበቅበትን ቀን ጠብቁ። ድንገት ከዘነበበት በላዩ እንዲደርቅ አትተዉት፤ በንጹሕ ፎጣ እየተጫናችሁ ሳይሆን እያሳረፋችሁ ውሃውን አንሱ። ሁለተኛ ዙር መቀባት ከፈለጋችሁም ይህ ጊዜ ይለፍ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ደራርቦ መቀባት ትርፉን እጥፍ ያደርገዋል።

እንደ ዕቃው ዓይነት፣ እንደ ፀሐዩና እንደ አስተጣጠባችሁ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል። ውሃ ሲፈስበት እንክብል ሆኖ መንሸራተቱን ትቶ መተኛት ሲጀምር ተራው ደርሷል። መጀመሪያ ግን እጠቡትና ድጋሚ እዩ፤ አንዳንዴ አቧራ ብቻ ሸፍኖት ይሆናል። በመስከረም ከጭቃው ወራት በኋላ፣ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ክረምት ሳይገባ መቀባት ለአዲስ አበባ መኪና ጥሩ ልማድ ነው።

ፎጣዎቹን ያንኑ ቀን እጠቡ። ሲላንቱ ውስጣቸው ከደረቀ ፎጣው ጠንክሮ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ መስመር ይተዋል። በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። ልብስ ማለስለሻና በረኪና አትጨምሩ፤ ማለስለሻው ጸጉሩን በቅባት ይሸፍነዋል። ከሌላ ልብስ ጋር አታጥቡ፤ የጥጥ ብናኝ ይይዛሉ። ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ አስቀምጡ። የዘረጋችሁበትንና ያነሳችሁበትንም ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።